ገብረ ጉንዳን አለቃ የላትም፦ ልጆቻችን በቤት ራሳቸውን ችለው እንዲማሩ

የንባብ ክፍል፦ ምሳሌ 6፥6-8፤ ዘዳግም 6፥6-9፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥5 እና 3፥14-15



የዚህ ሳምንት ትምህርት ስለ ልጆቻችን ደብተር ነው። «ወንጌላዊን ደብተር ውስጥ ምን ዶለው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እስከ አምና ድረስ እንዲሁ ነበር የማስበው። መውለድና ማብላት የእኛ፣ ማስተማር የምዋሊሙ፣ ማዳን የጌታ ነው ብዬ ለሦስት አካፍዬው ነበር። ይህ ክፍፍል እንዴት እንደፈረሰብኝ ልንገራችሁ።

ሴት ልጄ ግሬድ 3 ናት። ማታ ማታ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ይዛ ከፊቴ ቁጭ ትልና ታነብልኛለች። እኔ አገር ቤት 6ኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የእንግሊዝኛውን ፊደል ለይቼ አውቃለሁ፣ ቃሉን ግን ሁልጊዜ አልረዳውም። እሷ ስታነብ እንደ ወንዝ ነው የምትወርደው። እንግዳ ሲመጣ «እስኪ አንብቢላቸው» እያልኩ እኮራባት ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በጸሎት ቤትም ቆሜ ለምሳሌ አንስቻታለሁ።

አንድ ምሽት የሶላር መብራታችን ደከመና ደብዘዝ አለ። እሷ ማንበቧን አላቆመችም። ትንሽ ቆይቼ ሳይ ገጹን አልገለጠችውም፤ አፏ ግን ሁለተኛውን ገጽ ጨርሶ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። መጽሐፉን ተቀበልኳትና መሐል ላይ አንድ ቃል በጣቴ ጠቆምኩ። «ይቺ ምንድን ናት?» ዝም። ሌላ ጠቆምኩ። አሁንም ዝም። ከዚያ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ በሹክሹክታ እየደገመች፣ እየቆጠረች፣ ጣቴ ያለበት ቃል ላይ ለመድረስ ሞከረች። ያኔ ገባኝ። ልጄ አታነብም፤ መጽሐፉን በቃሏ ይዛዋለች።

ተቆጣሁ። «ስታታልዪኝ ነው የኖርሽው!» አልኳት፤ ከዚህም የባሰ ተናግሬአለሁ። እያለቀሰች የመለሰችልኝን አልረሳውም፦ «አባዬ፣ ክፍል ውስጥ እኮ ሁላችንም አብረን ነው የምንጮኸው።»

እውነቷን ነው። ከመቶ በላይ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ምዋሊሙ ይላል፣ ልጆቹ ይከተላሉ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ የአንዷ ልጅ ዓይን ፊደሉን ይያዝ አይያዝ በምን ይታወቃል? አስተማሪውን አልወቅሰውም። መቶ ልጅ አንድ በአንድ ላዳምጥ ቢል፣ ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ፣ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጅበታል። የሱ ቀን በዚያ ያልቃል። እኔ ቤት ግን ያሉት ሦስት ልጆች ናቸው። ጥፋቱ የማን እንደነበረ ለራሴ ነገርኩት። እኔ ድምፅ ነበር የምሰማው፤ ትምህርቱን አልነበረም።

በዚህ ነገር አባቶቻችን ይበልጡን ነበር። እኛ የወንጌል አማኞች ብንሆንም ከቄስ ትምህርት ቤት የምንማረው አለ። ድሮ ልጅ መጀመሪያ ሀ ሁ ሂ እያለ ፊደሉን በተርታ ይቆጥራል፤ የኔታ ወይም ትልቁ ተማሪ በስንደዶ እየጠቆመ ያስቆጥረዋል። ነገር ግን ተርታው በቃል ሊያዝ እንደሚችል ስለሚያውቁ በዚያ አላቆሙም። ቀጥሎ አቡጊዳ አመጡ፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ተርታው ይዘበራረቃል። ፊደሉን በዜማው ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ መልኩን ያወቀ ያልፋል። ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሄዳል። የኔ ልጅ ሀ ሁ ላይ ነበረች፣ አቡጊዳ አልደረሰችም። እኔ ግን ዳዊት የደገመች መስሎኝ እመሰክርላት ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ምሳሌ 6 ላይ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ወደ ንጉሥ አልላከውም፣ ወደ ጠቢብም አልላከውም። ወደ ገብረ ጉንዳን ነው የላከው። ስለ እሷ የሚነግረን የመጀመሪያው ነገር ደግሞ ትጋቷን አይደለም፤ በላይዋ ቆሞ የሚያዛትና የሚቆጣጠራት እንደሌለ ነው። ሳትታዘዝ በበጋ ምግቧን ታሰናዳለች። ብዙ ጊዜ ይህንን ክፍል ልጅ ለመገሠጽ ነው የምንጠቅሰው፤ «ሂድ ከጉንዳን ተማር!» እንላለን። ቆም ብላችሁ ግን ጉንዳኖቹን ተመልከቷቸው። እዚህ ካኩማ ጉንዳን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ስኳር ያስቀመጠ ሁሉ ያውቃቸዋል። መንገድ አላቸው። ከየት እንደሚያነሡ ያውቃሉ፣ የት እንደሚያኖሩ ያውቃሉ። አለቃ የማያስፈልጋቸው ሥርዓቱ ስላለ ነው። ልጅን «ራስህን ችለህ ተማር» ብሎ መንገድ ሳያበጁለት መተው እኮ ራስን ማስቻል አይደለም፣ መጣል ነው።

ራሱን ችሎ የሚማር ልጅ ማለት አራት ነገር ሳይነገረው የሚያውቅ ነው፦ ዛሬ ምን እንደሚሠራ፣ ዕቃው የት እንዳለ፣ መቼ ጨረስኩ እንደሚል፣ ሲያቅተው ምን እንደሚያደርግ። እነዚህን እኔ ቤት ለማቆም ሞክሬ መጀመሪያ ወድቄአለሁ። ውድቀቱንም ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት።

የዘይት ካርቶን ቀደድኩና እንደ ትምህርት ቤት ፕሮግራም አሰመርኩበት። ከ10 ሰዓት እስከ 10 ከ40 ሂሳብ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ኪስዋሂሊ። ቆንጆ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሠራ። በአሥረኛው ቀን የሬሽን ቀን ሆነና ሁላችንም ሰልፍ ላይ ዋልን። በማግሥቱ የውሃው ቧንቧ ዘገየ። ከዚያ አቧራው ተነሣ፣ ቤት ውስጥ ዓይን መግለጥ አልተቻለም። ካርቶኑ ግድግዳ ላይ ቆሞ ይከሰን ጀመር። በመጨረሻ ሚስቴ ምድጃ አቀጣጠለችበት፤ ደግ አደረገች። የእኛ ቀን በሰዓት አይሄድም። የሚሄደው በውሃ፣ በሰልፍ፣ በሙቀትና በጨለማ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከሰዓት ጋር ሳይሆን በየቀኑ ከማይቀሩ ነገሮች ጋር አሰርነው፦ ሻይ ከተጠጣ በኋላ፣ ውሃ ከገባ በኋላ፣ ከመጨለሙ በፊት። እዚህ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ 1 ሰዓት ባለው ነው የምትጠልቀው፤ እሷ ቀጠሮ አታፈርስም። መብራት የሚያስፈልገው ንባብ ከዚያ በፊት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በጨለማ የሚሠራ አለ፦ ማባዛት በቃል፣ የተነበበውን ተረት መተረክ፣ መዝሙር።

ካርቶኑን የተካው ጣሳና ጠጠር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት የወተት ጣሳ አለው። ከደረቁ ወንዝ ሦስት ጠጠር አመጣን፤ ነጩ ንባብ፣ ጥቁሩ ሂሳብ፣ ቀዩ ጽሕፈት። ጠዋት ሦስቱም በግራው ጣሳ ናቸው። አንዱን ሥራ የጨረሰ ልጅ ጠጠሩን ራሱ ወደ ቀኙ ያዛውራል። የሌላውን ጠጠር ማንም አይነካም፣ እኔም አልነካም። በየትኛው እንደሚጀምር ልጁ ነው የሚመርጠው። ይህች ምርጫ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ልጄ «ምን ልሥራ?» ብላ መጠየቅ ያቆመችው ከዚያ ወዲህ ነው። ደብተርና እርሳሱም ከሬሽን ጆንያ በተሰፋ ከረጢት ውስጥ በየስማቸው ምስማር ላይ ይሰቀላል። በፊት እኮ ግማሹ ሰዓት የሚያልቀው «እርሳሴን ማን ወሰደው» በሚል ጠብ ነበር።

ታዲያ በሁለተኛው ሳምንት ግሬድ 5 ያለው ወንድ ልጄ ሦስቱንም ጠጠር ባንዴ ወደ ቀኙ ገለበጠና ኳስ ሊጫወት ሄደ። ስመለስ ጣሳው «ተጨርሷል» ይላል። አልመታሁትም፤ ከልጄ እንባ ተምሬአለሁ። «ጥቁሩን ጠጠር አሳየኝ» አልኩት ብቻ። አፈረ። ከዚያ ወዲህ ጠጠር ሁሉ ምስክር አለው። የነጩ ምስክር የተነበበውን በራስ አፍ፣ በቤት ቋንቋ መተረክ ነው። የጥቁሩ ምስክር አንዱን ሂሳብ በጠጠር ወይም በባቄላ ሠርቶ ማሳየት ነው። የቀዩ ምስክር ገጹ ራሱ ነው። ሂሳቡንም ከመጽሐፉ ብቻ አንጠይቅም። «በ20 ሊትር ጄሪካን አራት ጊዜ ቀዳን፤ ለ5 ሰው ስንት ስንት ሊትር ይደርሳል?» ስለው 16 ብሎ ለመመለስ ጊዜ ፈጀበት፤ ሲመልስ ግን ለምን እንደሆነም ያውቅ ነበር።

ይህንን በብሎካችን ስናገር አንዲት እናት ወደ ጎን ጠርተውኝ «ወንጌላዊ፣ እርስዎስ ትንሽ ተምረዋል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። በምን ዓይኔ ልቆጣጠራት?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ የብዙዎቻችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማፈር አያስፈልግም። «እትዬ፣ ዓይንም ጆሮም አለዎት» አልኳቸው፤ የሚከተለውንም አብረን ሞከርነው። መጽሐፉ ላይ አንድ ቃል ይምረጡና ትንሽ ጠጠር ያስቀምጡበት። «ይህ ምን ይላል?» ይበሉ። መልሱን በልብዎ ይያዙ። ከእራት በኋላ ያንኑ ቃል እንደገና ይጠይቁ። ያንኑ ከመለሰች አንብባለች፤ ሌላ ካለች እየገመተች ነው። ሁለተኛው፣ «ይህንኑ ቃል ሌላ ገጽ ላይ ፈልጊልኝ» ይበሉ። ሁለቱ ቃላት መልካቸው አንድ መሆኑን ያልተማረ ዓይንም ያያል፤ ጥለት የሚለይ ዓይን ፊደል አይሳነውም። ሦስተኛው፣ ሥዕሉን በእጅዎ ሸፍነው ያስነብቡ። እኚህ እናት አሁን ልጃቸውን ሲያስነብቡ ሰማሁ፤ «ቅድም ይቺን ሌላ ብለሻት ነበር!» ይሏታል። ልጅቱም አትዋሽም፣ መዋሸት አይቻላትማ።

ጢሞቴዎስን አስቡት። ጳውሎስ እምነቱን ሲያመሰግንለት አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው የጠራው። አባቱ ግሪክ እንደነበረ በሐዋርያት ሥራ 16፥1 ተጽፏል፤ በቤቱ መጻሕፍትን ያወቀበት መንገድ ግን በሴቶቹ በኩል እንደመጣ ነው የምንረዳው። ያለ አባት የምታሳድጉ እናቶች፣ ከልጅ ልጅ ጋር የቀራችሁ አያቶች፣ ይህ ክፍል ስለ እናንተ ነው።

ሲያቅተውስ? ልጅ ሲያቅተው የሚያደርገው ካላወቀ ወይ ያለቅሳል ወይ እኛን ያሠራናል። እኔ እንደተሠራሁ ልመስክር። አዲሱ የኬንያ ትምህርት ልጆች በአካባቢ ካለው ዕቃ እየሠሩ እንዲያመጡ ያዛል። ልጄ መኪና ሥራ ተባለ። ማታ ደክሞታል፣ እኔ ሽቦውን ይዤ እስከ ሌሊት ድረስ ጎማ አስገጠምኩለት። በማግሥቱ ጥሩ ነጥብ አመጣ። ነጥቡ የኔ ነው፤ 6ኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ። እሱ ግን ሽቦ ማጠፍ አልተማረም። አሁን ሕጋችን ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጥያቄውን ጮክ ብለህ ድጋሚ አንብብ። ከዚያ ወንድምህን ወይም እህትህን ጠይቅ፤ መልሱን ሳይሆን መንገዱን። አሁንም ካልሆነ በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ጥያቄውን ጽፈህ እለፈው፤ አትቀመጥበት። ጠዋት ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ መርጠህ ለምዋሊሙ አቅርብ። አሥር ጥያቄ ይዞ የሚመጣን ልጅ በዚያ ግፊያ ውስጥ ማን ያስተናግደዋል? አንድ ጥያቄ በደንብ ተጽፎ ከመጣ ግን መልስ ያገኛል። ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ሲገኝ ያደርግ የነበረው ሁለት ነገር ነው፤ ይሰማቸው ነበር፣ ይጠይቃቸውም ነበር (ሉቃስ 2፥46)። መጠየቅ ድፍረት ነው የሚል ቤት ውስጥ ያደግን ሰዎች ይህንን ልብ እንበል።

አንድ ነገር ለአባቶች። በብዙ ቤት አይቼአለሁ፣ የራሴንም ጨምሮ፦ የወንዱ ልጅ ጠጠር ቶሎ ይዛወራል፣ የሴቷ በግራው ጣሳ ይቀራል። ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ከቧንቧው ስትመለስ እንጨት፣ ከእንጨቱ ስትመለስ ሕፃን ማዘል ይጠብቃታል፤ ስትቀመጥ ፀሐይ ጠልቃለች። ከዚያ ውጤቷ ዝቅ ሲል «ለትምህርት አልተፈጠረችም» እንላለን፣ ቀጥሎም ለባል እናስባለን። ወንድሞቼ፣ ጣሳዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና ለአንድ ሳምንት ተመልከቱ፤ ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚማር ጣሳው ይነግራችኋል። እኛ ቤት ጄሪካኑን አሁን በተራ ነው፤ የኔም ተራ አለ። መጀመሪያ ቀን ሰልፉ ላይ ሲያዩኝ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ዘዳግም 6 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ትምህርት ሲሰጥ ሕዝቡ ገና በድንኳን የሚኖር ነበር። ቃሉን ለልጆቻቸው የሚናገሩበትን ጊዜ ሲነግራቸው ሰዓት አልቆረጠም፤ በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙ፣ ሲነሡ አለ። በደጃፍ መቃንም ጻፉት አለ። እኛ በቆርቆሮ በራችን ላይ በየጠዋቱ አንድ ቃል በከሰል እንጽፋለን፤ አንድ ቀን አማርኛ፣ አንድ ቀን እንግሊዝኛ፣ አንድ ቀን ኪስዋሂሊ። የሚገባም የሚወጣም ያነባታል። ማታ በጨርቅ ትጠፋለች። የምትጽፈው በተራዋ ልጅ ናት፣ ስለዚህ ቃሏን ከየትም ፈልጋ ታመጣለች። አንድ ጊዜ «ምዋሊሙ» ብላ ጻፈችና እኔን አሳየችኝ፤ ምን ለማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

«ቤት ውስጥ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ካወራን እንግሊዝኛው ይጠፋባቸዋል» የሚሉ አሉ። እኔ ያየሁት ግን በቤቱ ቋንቋ መተረክ የቻለ ልጅ ታሪኩ እንደገባው ነው። ዳንኤልና ጓደኞቹ የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተምረዋል፣ በዚያም አልፈዋል፤ ወደ ኢየሩሳሌም ፊት አድርጎ መጸለይን ግን ዳንኤል አልረሳም። አማርኛ ለሚናገሩ ቤቶች፣ የኖቬምበርና የዲሴምበር ረጅሙ እረፍት ለፊደል ይበቃል። 33ቱን ፊደላት በየቀኑ አንድ አንድ ከነ7 መልካቸው ብታስይዙ በ33 ቀን 231 ይሞላል። ሲሞላ ግን እባካችሁ በአቡጊዳ ፈትኑት።

በፈረንጅ 2020 ማርች ላይ ኬንያ በበሽታው ምክንያት ትምህርት ቤቶችን ስትዘጋ አብዛኞቹ ክፍሎች የተመለሱት በ2021 ጃንዋሪ ነው። በሬዲዮ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ሬዲዮ ያለው ግን ሁሉም አልነበረም። ያኔ በዞናችን ያስተዋልኩትን ዛሬ ነው የተረዳሁት። ሲመለሱ ያልረሱት የተማረ አባት ያላቸው ልጆች ብቻ አልነበሩም። ታላቅ ታናሽን የሚያስተምርባቸው ቤቶች ልጆችም ነበሩ። አሁን ልጄ፣ ያቺ በቃሏ ስታነብ የነበረችው፣ የ5 ዓመት ወንድሟን ታስቆጥረዋለች። በስንጥር እየጠቆመች፣ ተርታውን እያዘበራረቀች። እሷ ራሷ ገና ቀስ ብላ ነው የምታነበው፤ እንደ ወንዙ ዘመን አይደለም። ቃል ላይ ትቆማለች፣ ፊደል ትለያለች፣ ትሳሳታለች፣ ትመለሳለች። እንግዳ ሲመጣ «አንብቢላቸው» አልላትም። ባለፈው ሳምንት ራሷ መጽሐፉን ሰጠችኝና «አባዬ፣ የፈለግከው ቦታ ጠቁም» አለችኝ።

በየቤቱ ለሚደረገው ጥናት ጥያቄዎች፦

በቤታችሁ ልጁ ራሱ የሚያዝበት፣ እናንተ የማትነኩት ሥራ የትኛው ነው? ከሌለ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የትኛውን ትተዉለታላችሁ?

ባለፉት ሰባት ቀናት ውሃ የቀዳው ማን ነው? ደብተር የያዘውስ?

ልጃችሁ የሚያነበውን መጽሐፍ ዛሬ ማታ ክፈቱና መሐል ላይ አንድ ቃል ጠቁሙ። ካልቻለ አትቆጡት። ከዚያ ስለ እሱ በስሙ ጠርታችሁ ጸልዩ።

በመጪው እሁድ ከአምልኮ በኋላ በዛፉ ሥር ለሚፈልጉ ወላጆች ጠጠሩንና ጣሳውን እናሳያለን። ባዶ ጣሳ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላቸው አሉ።